በአልበርታ የምንሰጠውን ድምፅ ለማግኘት የሚደክም ፓርቲ አለ?

የቦው ወንዝ ሰው (ካልጋሪ)

በዚህ መድረክ ስለ ካናዳ ፌዴራል ፖለቲካ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሊበራሎቹ ካርኒ ይሻላል ወይስ የወግ አጥባቂዎቹ ፖሊየቭር ወደሚለው ያዘነብላል። እኔ ግን ከሁለቱ ሰዎች በፊት የነበረና ከእነሱም በኋላ የሚቀጥል የሚመስለኝን ጉዳይ ማንሣት እፈልጋለሁ። አልበርታና ሳስካችዋን በተባሉት የምዕራብ ካናዳ ክፍለ ግዛቶች ውስጥ የምንኖር መራጮች የምንሰጠውን ድምፅ ለማግኘት ብሎ የሚደክም ፓርቲ የለም። ሊበራሎች እንደማያገኙት ስለሚያውቁ አይለምኑንም፤ ወግ አጥባቂዎችም እንደማያጡት ስለሚያውቁ አይለምኑንም። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምዕራቡ ሰው በኦታዋ፣ ማለትም በፌዴራሉ መንግሥት ላይ ማላገጥ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1915 በአንድ የገበሬዎች ጋዜጣ ላይ የወጣውና አርች ዴል የሣለው ካርቱን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በካናዳ ካርታ ላይ አንዲት ግዙፍ ላም ቆማለች፤ አፏ በምዕራቡ ሜዳ በኩል ስለሆነ ገበሬዎች ያበሏታል፤ ጡቷ ግን በምሥራቅ በኩል ስለሆነ የሚያልቧት የዚያ ወገን ባለጸጎች ናቸው። ሥዕሉ በወጣበት ጊዜ የአልበርታ ትልቁ የነዳጅ ዘመን ገና አልጀመረም፤ እሱ የመጣው በ1947 ሌዱክ ላይ ነው። የዚያን ጊዜው ቅሬታ ከ1879 ጀምሮ የተጣለው የቀረጥ ፖሊሲ ነበር፤ ገበሬው ማረሻውንና ማጨጃውን በቀረጥ ከተጠበቁት የምሥራቅ ፋብሪካዎች በውድ እየገዛ፣ ስንዴውን ግን ማንም በማይጠብቀው የዓለም ገበያ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ይህ ቅሬታ የነዳጅ ኩባንያዎች የፈጠሩት ነው የሚሉ ሰዎች ታሪኩን ከመሐል ነው የጀመሩት።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ፣ በ1980 የፒየር ትሩዶ መንግሥት የነዳጅ ዋጋንና ግብርን የሚቆጣጠረውን ብሔራዊ የኢነርጂ ፕሮግራሙን ሲያወጣ ሊበራል ፓርቲ ከኦንታሪዮ በስተምዕራብ የነበሩት መቀመጫዎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ማኒቶባ ውስጥ ነበሩ። የፖሊሲውን ትክክለኛነት ለጊዜው እንተወውና፣ ያወጣው መንግሥት አልበርታ ውስጥ የሚያጣው አንድም መቀመጫ አልነበረውም። በመኪና ላይ የሚለጠፈው፣ የምሥራቅ ሰዎች በጨለማ ውስጥ በብርድ ይለቁ የሚለው የታወቀ ስድብ የተስፋፋው በዚያ የነዳጅ ጠብ ዘመን ነው። ስድቡን አልወደውም፤ ከጀርባው ያለውን ስሜት ግን እረዳዋለሁ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1984 አልበርታ 21 መቀመጫዎቿን በሙሉ ለብራየን ማልሩኒ ወግ አጥባቂዎች ሰጠች። አሁን የራሳችን መንግሥት ነው ተባለ። በ1986 ግን የሲኤፍ 18 ተዋጊ አውሮፕላኖችን የመጠገን ሥራ ለጨረታ ሲቀርብ፣ በምዕራቡ ያለው የዊኒፔጉ ኩባንያ በዋጋም በቴክኒክም የተሻለ ሆኖ ሳለ፣ ሥራው በኪቤክ ላለው የሞንትሪያል ኩባንያ ተሰጠ። ምክንያቱ ለማንም አልተሰወረም፤ በኪቤክ ያለው ድምፅ ሊሄድም ሊመጣም የሚችል ድምፅ ነበር፤ የምዕራቡ ግን ኪስ ውስጥ የገባ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ፕሬስተን ማኒንግ ሪፎርም ፓርቲን መሠረተ። መፈክሩም ምዕራቡ ወደ ውስጥ መግባት ይፈልጋል የሚል ነበር፤ መገንጠል ይፈልጋል አላለም። በ1993 ሪፎርም 52 መቀመጫ ሲያገኝ፣ ገዥው የነበረው ፓርቲ በመላ አገሪቱ ወደ ሁለት መቀመጫ ወረደ።

አሁን ደግሞ ሁላችንም የምናስታውሰውን ላንሣ። ካልጋሪ የሚኖር ሰው የጋዝ ደረሰኙን ሲከፍት ጋዙ ራሱ፣ ማስተላለፊያው፣ ቋሚ ክፍያውና የፌዴራል የካርቦን ታክስ እያንዳንዳቸው በየመስመራቸው ተጽፈው ያገኛቸው ነበር፤ በጥር ወር ፈርነሱ (የቤት ማሞቂያው) ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ሲያድር የታክሱ መስመር ከጋዙ ዋጋ ጋር የሚፎካከርበት ጊዜም ነበር። በጥቅምት 2023 መንግሥት ይህን ታክስ ለሦስት ዓመት አነሣ፤ ያነሣው ግን ቤታቸውን በዘይት ለሚያሞቁ ብቻ ነበር። በዘይት የሚሞቁ ቤቶች በብዛት የሚገኙት በአትላንቲክ ክፍለ ግዛቶች ሲሆን፣ እዚያ ደግሞ ሊበራሎች ሊያጧቸው የሚችሏቸው ብዙ መቀመጫዎች ነበሯቸው። ስለ ፕሬሪዎቹ (ስለ ምዕራቡ የሜዳ ክፍለ ግዛቶች) ስትጠየቅ የኒውፋውንድላንድ ተመራጭ የሆነችው ሚኒስትር ጉዲ ሃቺንግስ በቴሌቪዥን ቀርባ፣ ምናልባት በዚያ በኩል ብዙ ሊበራሎችን መምረጥ ያስፈልግ ይሆናል ብላ መለሰች። ብዙ ሰው በዚህ ንግግር ተቆጥቷል። እኔ በበኩሌ ሴትየዋ እውነቱን ተናግራለች እላለሁ፤ አሠራሩ እንዲህ መሆኑን ከአንድ ሚኒስትር አፍ በግልጽ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ወገኖቻችን በየምርጫው ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ይሰለፋሉ፣ ዜግነት ያገኙ ወላጆቻቸውን እየደገፉ ይዘው ይመጣሉ። ይህን ሁሉ የምናደርገው ውጤቱ አስቀድሞ ለታወቀ ወንበር ከሆነ ድምፃችንን ዋጋ ያለው ለማድረግ ምን ማድረግ እንችላለን? ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።

ሰላም ከኦታዋ

ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ የ1986ቱን ጨረታ በሚመለከት የምከራከርበት ነገር የለኝም። ነገር ግን ይህ ቅሬታ በተነሣ ቁጥር አብሮት የሚመጣ፣ እርስዎ ባይጠቅሱትም ሌሎች ማንሣታቸው የማይቀር ጉዳይ ስላለ አስቀድሜ ላጥራው። እሱም የፌዴራሉ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ክፍለ ግዛቶች የሚሰጠው፣ የማመጣጠኛ ክፍያ የሚባለው ነው። በ1957 የተጀመረው ይህ ክፍያ ከፌዴራል መንግሥት አጠቃላይ ገቢ የሚወጣ እንጂ የአልበርታ መንግሥት ቼክ ጽፎ ለኪቤክ የሚልከው ገንዘብ አይደለም። ካልጋሪ ውስጥ የሚኖር ሠራተኛ የሚከፍለው የፌዴራል የገቢ ግብር ተመን ሃሊፋክስ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ከሚከፍለው ጋር አንድ ነው፤ ከአልበርታ ብዙ የሚሰበሰበው ገቢው ከፍ ያለ ሕዝብ ስለሚኖርባት ነው። ኪቤክ በዓመት ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ መውሰዷ እውነት ቢሆንም፣ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ኒው ብራንስዊክና ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ከእሷ ይበልጣሉ። አሁን የምንሠራበት ቀመር የተቀረጸውም በ2007፣ የካልጋሪው ተመራጭ ስቲቨን ሃርፐር ጠቅላይ ሚኒስትር በነበረበት ዘመን ነው። በ2021 የአልበርታ መራጮች 61.7 በመቶ ያህሉ ይህ መርሕ ከሕገ መንግሥቱ ይውጣ ብለው ድምፅ ሲሰጡ ይህ ሁሉ በሚገባ የተብራራላቸው አይመስለኝም።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። በ2018 የፌዴራሉ መንግሥት ከአልበርታ የሚነሣውን የትራንስ ማውንቴን የነዳጅ ቧንቧ በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ማስፋፊያው በግንቦት 2024 ሥራ ሲጀምር ወጪው 34 ቢሊዮን አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በቀን ወደ ፓሲፊክ ጠረፍ የሚደርሰው ነዳጅም ከ300 ሺህ በርሜል ወደ 890 ሺህ የሚያድግበት አቅም ተፈጠረ። ይህን ያደረገው ሊበራል መንግሥት ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያና በሞንትሪያል የራሱን ደጋፊዎች አስቀይሞ ያደረገው ነው። በ2019 ምርጫ በአልበርታና በሳስካችዋን ያገኘው መቀመጫ ግን ዜሮ ነው። እርስዎ እንደሚሉት ፓርቲዎች የሚደክሙት ድምፅ ለሚሰጣቸው ብቻ ከሆነ፣ ይህ ቧንቧ እንዴት ተሠራ?

የቦው ወንዝ ሰው (ካልጋሪ)

እህቴ ሰላም፣ ስለ ማመጣጠኛው የጻፉትን እቀበላለሁ፤ እኔም ሆን ብዬ ያልጠቀስኩት ለዚሁ ነው። ስለ ቧንቧው ግን ነገሩን ሙሉ እናድርገው። ያው መንግሥት በ2016 የሰሜን ጌትዌይን ቧንቧ ውድቅ አድርጓል፤ በ2019 ደግሞ በሰሜናዊው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠረፍ ትላልቅ ነዳጅ ጫኝ መርከቦችን የሚከለክለውንና የፕሮጀክቶችን ግምገማ የሚመለከተውን፣ ሁለቱን ሕጎች አውጥቷል። የግምገማውን ሕግ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአብዛኛው ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ነው ብሎታል። የገዙትንም ቧንቧ ቢሆን የገዙት የግሉ ኩባንያ ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ሲል ነው።

ይህም ሆኖ ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ መልሱም በከፊል ወደ እኛ ይዞራል። ቧንቧውን የገዛ መንግሥት በ2019 አንድ መቀመጫ እንኳ ካልተሰጠው፣ ቀጣዩ መንግሥት ከዚህ የሚማረው እነዚህ ሰዎች ቢደረግላቸውም ባይደረግላቸውም ያው ናቸው የሚለውን ነው። መራጩ የማይንቀሳቀስ ከሆነ መንግሥትን መቅጣትም መሸለምም አይችልም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው።

የእህል መኪና ሾፌር (ሳስካቱን)

ነዳጅ ነዳጅ ስንባባል የእኛ ክፍለ ግዛት ተረሳ። እኔ የምሠራው እህል በማመላለስ ስለሆነ በ2025 ያየነውን ልንገራችሁ። ካናዳ በጥቅምት 2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ 100 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ዓላማው የመኪና ፋብሪካዎችን ለመጠበቅ ነበር፤ ፋብሪካዎቹ ያሉት ደግሞ ደቡብ ኦንታሪዮ ነው። ቻይና አጸፋውን የመለሰችው በኦንታሪዮ ላይ አልነበረም፤ በመጋቢት 2025 ካኖላ ከሚባለው የቅባት እህል በሚወጣው ዘይት፣ በካኖላ መኖና በአተር ላይ 100 በመቶ፣ በነሐሴ ደግሞ በካኖላው ፍሬ ላይ ከ75 በመቶ በላይ ጣለችበት። ከካናዳ ካኖላ ከግማሽ በላይ የሚበቅለው ሳስካችዋን ውስጥ ነው።

ፍሬው ላይ ቀረጡ የተጣለው አጨዳ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። ገበሬው ዘርቶ፣ ማዳበሪያውን በብድር ገዝቶ፣ ሰብሉ ቢጫ አበባውን አራግፎ ፍሬ ከያዘ በኋላ ነው ዋጋው የወረደበት። እኔ ወደ እህል ማከማቻው ስመላለስ ያየሁት፣ ከዚህ በፊት በአጨዳ ወቅት ተሰልፈው ይጠብቁ የነበሩ ገበሬዎች ፍሬውን እርሻቸው ላይ ባለው ጎተራ አስገብተው ዋጋ እስኪሻሻል ለመጠበቅ መወሰናቸውን ነው። የሚጠብቀው ገበሬ ካልጫነ እኔም አልጫንኩም፤ ሾፌር የሚከፈለው ሲጭን ነው።

የላይኛው ጸሐፊ ስለ 1915ቱ ሥዕል ያለው ትክክል ነው፤ መቶ ዓመት አልፎም የፋብሪካው ቀረጥ ለምሥራቅ፣ ዕዳው ለምዕራብ ሆነ። ቀረጡ መጣል አልነበረበትም እያልኩ አይደለም፤ የኦንታሪዮ ሠራተኛም ልጆች አሉት። ሆኖም ውሳኔው ሲወሰን አጸፋው የት እንደሚያርፍ ማንም አላሰበም ብዬ ማመን ያስቸግረኛል። ታስቦ ነበር፤ ከ343 መቀመጫ ሳስካችዋን ያላት 14 ብቻ መሆኑም አብሮ ታስቦ ነበር።

የመሐል ኤድመንተን ነዋሪ

እኔ የምኖረው ኤድመንተን ሴንተር በሚባለው የምርጫ ክልል ውስጥ ነው። በ2015 ሊበራል፣ በ2019 ወግ አጥባቂ፣ በ2021 እንደገና ሊበራል፣ በ2025ም ሊበራል አሸነፈበት። ስለዚህ የቦው ወንዙ ወንድማችን የሚፈልጉት ዓይነት መራጭ የት እንዳለ እኔ ላሳያቸው እችላለሁ። በእኛ ሕንጻ በምርጫ ሰሞን የሁሉም ፓርቲ ሰዎች ይመጣሉ፤ የስልኩን ቁልፍ ተጭነው እንዲከፈትላቸው ይለምናሉ፣ በየፎቁ ወርደው በር ያንኳኳሉ። አንደኛው ዕጩ እናቴ በር ስትከፍትለት እንግሊዝኛዋ እንደማያስኬዳት አይቶ አብራው የመጣችውን አማርኛ የምትችል ልጅ ጠራ፤ እናቴም ስለ ጡረታ አበሏ የምትጠይቀውን ሁሉ ጠየቀችው። በሌላው የከተማዋ ክፍል ያለችው እኅቴ ግን ዕጩ የሚባል ሰው በሯ ላይ ቆሞ አይታ አታውቅም። ልዩነቱ የአንድ ምርጫ ክልል ድንበር ነው።

ደግሞም አልበርታ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚለውን አነጋገር እባካችሁ እንተወው። በ2025 ምርጫ ከአራት የአልበርታ መራጮች ከአንድ በላይ የሚሆነው ሊበራልን መርጧል፤ ከ37 መቀመጫ የደረሰው ግን ሁለት ነው። አዲስ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ አንድ አገኘ፤ የተቀሩት 34 ለወግ አጥባቂዎች ሆኑ። በካርታው ላይ የምታዩት የወግ አጥባቂዎቹ ሰማያዊ ቀለም እኛን ደፍኖናል። ኦታዋ ያለ የፓርቲ ስትራቴጂ ሠራተኛም የሚያየው ካርታውን ነው።

ከቶሮንቶ አንድ አንባቢ

እዚህም ያው ነው፤ በተቃራኒው። በመሐል ቶሮንቶ ወግ አጥባቂ የሚመርጥ ሰው ድምፁ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ የጠባችን ምንጭ ምሥራቅና ምዕራብ መሆኑ ላይ ብዙ አልስማማም። ምንጩ በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ያገኘ ሁሉን የሚወስድበት ሥርዓት ነው፤ አገር ቤትም የምናውቀው እሱን ስለሆነ ጠባዩ አዲስ አይሆንብንም። በ2019ና በ2021 ወግ አጥባቂዎች በመላ አገሪቱ ከሊበራሎች የበለጠ ድምፅ አግኝተው ተሸንፈዋል፤ ትርፉ ድምፅ የተከማቸው አልበርታና ሳስካችዋን ውስጥ ነበር። በእናንተ በኩል አንድ ዕጩ በ50 በመቶም አሸነፈ በ80 በመቶ የሚያገኘው አንድ ወንበር ነው።

የሊበራሎቹ ጀስቲን ትሩዶ በ2015 ይህ በዚህ ሥርዓት የሚካሄደው የመጨረሻ ምርጫ ይሆናል ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ በየካቲት 2017 ቃሉን አጠፈ። በነሐሴ 2025 በአልበርታው ባትል ሪቨር ክሮውፉት በተደረገው የማሟያ ምርጫ 214 ሰዎች የተወዳደሩት፣ አብዛኞቹ ይህን ሥርዓት በመቃወም ነበር። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ሁሉንም ስም ሊይዝ ስላልቻለ ባዶ መስመር ታትሞ መራጩ የዕጩውን ስም በእጁ እንዲጽፍ ተደረገ። ብዙ የአካባቢው አርሶ አደሮች ይህን እንደ ስድብ ቆጥረውታል፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ሆኖም ተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን መቀመጫ የሚያገኙበት ሥርዓት፣ ለአልበርታ መራጭ ከማንም በላይ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ ተቃውሞው በዚህ መንገድ መቅረቡ ያሳዝነኛል።

የቦው ወንዝ ሰው (ካልጋሪ)

ባትል ሪቨር ክሮውፉትን ካነሡት ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ፖሊየቭር ኦታዋ አጠገብ የነበረውን ወንበሩን በሚያዝያ ሲያጣ፣ እዚያ ከ80 በመቶ በላይ ያሸነፈው ተመራጭ ወንበሩን ለቆለት መሪው በነሐሴ በ80 በመቶ ያህል ተመረጠ። ሕጋዊ ነው፣ ከዚህ በፊትም ተደርጓል። ነገር ግን የመሪውን ችግር ለመፍታት የትኛው ወንበር ይለቀቅ ተብሎ ሲታሰብ በመጀመሪያ የታሰበው አልበርታ መሆኑን ልብ በሉልኝ። እንዳንሸሽ የታመንነው እኛ ነን።

የስምምነቱ ምድር

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ሥጋት አደረብኝ። እንዲህ ያለው ቅሬታ ዛሬ አልበርታ ውስጥ ወደ መገንጠል የሚነዳ እጅ አግኝቷል። በ2025 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የሕዝበ ውሳኔ ጥያቄ ለማቅረብ የሚያስፈልገውን የፊርማ ብዛት ቀንሷል። በአንጻሩ አልበርታ በካናዳ ውስጥ ትቆይ የሚለው አቤቱታ ከ400 ሺህ በላይ ፊርማ ሰብስቧል፤ እኔም ፈርሜያለሁ። የቆምንበት መሬት ከነባር ሕዝቦች ጋር በተደረጉት በስድስተኛው፣ በሰባተኛውና በስምንተኛው ስምምነት ሥር ያለ ነው፤ የመጀመሪያው በ1876፣ የመጨረሻው በ1899 የተፈረሙ ሲሆን፣ አልበርታ የሚባል ክፍለ ግዛት የተፈጠረው በ1905 ነው። የነባር ሕዝቦች መሪዎች ከእኛ ጋር የተዋዋለው የእንግሊዝ ዘውድ እንጂ አልበርታ አይደለችም ሲሉ የሚመልስላቸው ሰው አላየሁም። እኛም ዜግነት ስንቀበል ቃለ መሐላ የፈጸምነው ለካናዳ ዘውድ ነው። ቅሬታውን እጋራለሁ፣ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውን ግን አልጋራም።

ሰላም ከኦታዋ

ይህን ነጥብ ስላነሡ አመሰግናለሁ። ለቦው ወንዙ ወንድሜ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ አለኝ። ውጤቱ አስቀድሞ በታወቀ የምርጫ ክልል ውስጥ እውነተኛው ምርጫ የሚካሄደው ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ጊዜ ነው። የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባል ለመሆን ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን ይበቃል፤ ማለትም ዜግነት ገና ያላገኙት ወገኖቻችን እንኳ በአጠቃላይ ምርጫው ባይመርጡ በዚህኛው መምረጥ ይችላሉ። ዕጩ የሚመረጥበት ስብሰባ ላይ የሚገኘው ሰው በአጠቃላይ ምርጫው ከሚሰለፈው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ማኅበረሰብ አባላቱን አስመዝግቦ በአንድነት ቢገኝ ዕጩዎቹ ራሳቸው ፈልገውት ይመጣሉ። ፓርቲው ከማእከል ዕጩ የሚሾምባቸው ጊዜያት መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ያም ቢሆን በሌላ መንገድ ከምታገኙት ይሻላል።

የመሐል ኤድመንተን ነዋሪ

ይህ እውነት ነው፤ የፑንጃብ ማኅበረሰብ በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ለዓመታት የሠራበት መንገድ ነው። ማንም በራቸውን ሳያንኳኳ አያልፍም።

የቦው ወንዝ ሰው (ካልጋሪ)

እንግዲያው የምናደርገው ይኖራል። በምርጫ ክልላችን የሦስቱንም ፓርቲዎች የአካባቢ ማኅበር አድራሻ እያሰባሰብኩ ነው፤ ለአንዱ ብቻ መሥራት ማኅበረሰባችንን እንደገና ኪስ ውስጥ ያስገባዋል ብዬ አምናለሁ። ለሁሉም የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከውጭ አገር ይዘውት የመጡት የሙያ ማስረጃ ሳይታወቅላቸው በየመጋዘኑና በየሥጋ ማቀነባበሪያው የሚሠሩ ሰዎች ጉዳይ። ሙያ ማወቅ የክፍለ ግዛት ሥልጣን ቢሆንም የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ይመድብበታልና፣ ለዚህ ምን ታደርጋላችሁ ብለን በጽሑፍ እንጠይቃቸዋለን፤ መልሳቸውንም እዚሁ ክር ውስጥ እንዳለ አወጣዋለሁ። በካልጋሪ ያላችሁና ጥያቄውን በማርቀቅ ልታግዙ የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት አሳውቁኝ።